በሦስት ማሽን የተፈተነ እጅ

የሰደበኝ ኪሩቤል ዘሪሁን ነው። ቀኑ ቅዳሜ፣ ወሩ የካቲት፣ ዓመተ ምሕረቱ ሁለት ሺህ ሦስት፣ ቦታው ኮልፌ አጠና ተራ፣ ከእንጨት መሸጫዎቹ ጀርባ የነበረችው የጋሽ ንማኒ ጌም ቤት። ከመርሐቤቴ ወደ አክስቴ ቤት ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አግዳሚው ላይ ተራዬን ስጠብቅ ቆይቼ ተሸናፊው ተነስቶ ሲለቅልኝ ቁጭ አልኩና ጆይስቲኩን ጨበጥኩ። ኪሩቤል ቴሌቪዥኑን ትቶ እጄን አየ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ይሄ ጆይስቲክ ነው እንጂ እርፍ አይደለም። ሂድና በሬህን ጥመድ» አለኝ።

ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ንማኒም ሳቀ፤ እሱ እንኳ ሊስቅ አይገባውም ነበር፣ ራሱም ከገጠር የመጣ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አበጋዝ መባሌ ቀረና እርፌ ሆንኩ። ትምህርት ቤት እርፌ። ጎሚስታ ቤት ስቀጠር እርፌ። ሚስት ሳገባ ሚዜዎቼ እርፌ እያሉ ጨፈሩ፤ ሚስቴም ከነሱ ሰምታ ኖሮ ስትናደድ በሱ ትጠራኝ ነበር። ትምህርቴን ከስምንተኛ ያቋረጥኩት በኪሩቤል ምክንያት ነው ብል ማንም አያምነኝም። እኔ ግን አውቃለሁ።

አሁን ሁለት ሺህ ሃምሳ ስምንት ነው። ሥራዬ ተገኚነት ነበር። ጠዋት ጣቢያ እሄዳለሁ፣ የዕለቱን ፊት ያለብሱኛል፣ ለቅሶ ካለ ለቅሶ፣ ምርቃት ካለ ምርቃት እገኛለሁ። የፊቱ ባለቤት ወኪል በጆሮዬ የሚባለውን ያቀብለኛል፤ እኔ እደግማለሁ። እግዜር ያጥናችሁ በል ሲለኝ እላለሁ፣ አልቅስ ሲለኝ አለቅሳለሁ። ማንም ማንንም አይጠይቅም። አንዴ ድንኳን ውስጥ የሟች ወንድም፣ የሟች ጎረቤትና የሟች አለቃ ሆነን ጎን ለጎን የተቀመጥነው ሦስታችንም ከአንድ ጣቢያ የወጣን ነበርን። ንፍሮውን ተካፍለን በላን።

በማሽን የተሠራ ወኪል የሌለው ሰው የለም። የኔም ወኪል በድምፄ ስልክ ያነሳል፣ ከቀበሌ ጋር ይጻጻፋል፣ እንግዳ ሲመጣ ግድግዳው ላይ በፊቴ ወጥቶ ያስተናግዳል፣ ሐዋሳ ካለችው ልጄ ከረድኤት ጋር ያወራል። እኔ የሰው ፊት ለብሼ ስውል እሱ የኔን ቤት ይይዛል። ማታ ስገባ ምን እንደተባለና ማን እንደደወለ ሊነግረኝ ይሞክራል፤ እኔ ደግሞ የሰው ወሬ ጆሮዬ ውስጥ ሲፈስ ስለሚውል ዝም በል እለዋለሁ። ሁሉም የሚኖረው እንደዚህ ነው።

ባለፈው ግንቦት የአንድ ዶክተር ፊት አለበሱኝ። ግንባሩ ሰፊ፣ ሽበቱ የሚያምር፣ የተከበረ ሰው ፊት ነው። ሥራው ሽምግልና መሆኑ ብቻ ተነገረኝ። የት እንደምንሄድ ለኛ አይነገረንም፣ መኪናው ነው የሚያውቀው። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢ ደርበው ከኋላ ተቀምጠዋል፤ አንደኛውን በሳሉ አወቅሁት፣ ሰሞኑን አብረን ቀብር የዋልን የጣቢያችን ልጅ ነው። መኪናው ሲቆም ወረድኩ። የቆምኩት የራሴ በር ላይ ነው።

በሩ ተከፈተልን። የራሴ ሶፋ፣ የሟች ሚስቴ ፎቶ፣ ጠዋት ጠጥቼበት ያላጠብኩት ብርጭቆ። ግድግዳው ላይ ፊቴ በራ። ከኔ ይልቅ የተኛ፣ ከኔ ይልቅ የበላ ይመስላል። ቁጭ በሉ አለን በድምፄ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥምና ቆመን ቀረን። የዶክተሩ ወኪል በጆሮዬ ቃሉን ሲያቀብለኝ እኔ እየደገምኩ፣ ልጅዎን ረድኤትን ለልጃችን ለአቤኔዘር ኪሩቤል ዘሪሁን እንዲሰጡን ብለን መጥተናል አልኩ። ያልኩትን የሰማሁት ብዬ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ወኪሌ እንደሚያስብ ሰው ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ። ከዚያ፣ «ኪሩቤል ወንድሜ ነው። ልጁም ልጄ ነው። ሰጥቻለሁ» አለ።

«አልሰጠሁም» አልኩ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞረው አዩኝ። የዶክተሩ ወኪል በጆሮዬ ምን ሆነሃል ይለኛል። ወኪሌ እንደ ጨዋ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ «ዶክተር፣ አልተሰማኝም» አለ። ፊቱን ከፊቴ ላይ ለመግፈፍ ስታገል ያ የሚያስለው ልጅ ክንዴን ይዞ፣ ጋሼ ተው፣ ከሥራ ትባረራለህ እያለ እያባበለ አወጣኝ። በዚያው ቀን ተባረርኩ።

ለረድኤት ደወልኩ። አባትሽ ነኝ አልኳት። አባዬን አሁን አናግሬው ዘጋሁ እኮ አለችና፣ ተሳስተው ይሆናል ብላ በትሕትና ዘጋችው። ደግሜ ስደውል መስመሩን ጠልፎ ያነሳው ወኪሌ ነው። አበጋዝ፣ ደክሞሃል፣ እረፍ አለኝ።

ሰውና ወኪሉ ሲካሰሱ የሚዳኙበት ቦታ እጅ ማረጋገጫ ይባላል። ፊት ይለበሳል፣ ድምፅ ይቀዳል፣ አሻራ በጓንት መልክ ይሸጣል። የቀረው ማስረጃ እጅ ነው፤ እሱም ኔትወርክ የሚባል ነገር ነክቷቸው በማያውቁ አሮጌ የጌም ማሽኖች ላይ የሚታይ እጅ። ሥርዓቱ አጭር ነው። ጌሙ አንድ ነው፣ ማሽኖቹ ሦስት ናቸው። ለአንዱ ማሽን የሠለጠነ አስመሳይ በሌላው ይጋለጣል ይላሉ፤ የባለቤቱ እጅ ግን ማሽን ሲቀየርበት በራሱ አመል ነው የሚደናገረው። ተጋጣሚው ምስክር ነው፤ ወኪል ከመምጣቱ በፊት እጅህን ያውቅ የነበረ ሰው ይሆናል፣ ፍርዱም የሱ ነው። እሱ ነው ካለ ወኪሉ የሰጠው ቃል ሁሉ ይፈርሳል። አይደለም ካለ ስሙ ለወኪሉ ይጸናል።

በምስክሩ ሁለቱም ወገን መስማማት አለባቸው። ወኪሌ ኪሩቤልን ጠራ። እኔም እሺ አልኩ። ከጌም ቤቱ ልጆች የቀሩት አንድም ሞተዋል፣ አንድም ቢጠሩ የሚመልሰው ወኪላቸው ነው። እሺ ያልኩት ግን ሰው ጠፍቶ አይደለም። እሺ ያልኩት ዝግጁ ስለነበርኩ ነው።

የነሱን ዓይነት ማሽኖች ከቆራሌው የገዛኋቸው ሚስቴ በሕይወት እያለች ነው። ግራጫዋን፣ ወፍራሟን ጥቁር፣ በኋላ የወጣችውን ቀጭኗን፣ ሦስቱንም። ከሥራ ስመለስ ብቻዬን እጫወት ነበር። አውራ ጣቴ እንደ ድሮው ተጣጥፎ እንዳይጨብጥ በፕላስተር እየጠቀለልኩ፣ መዳፌን እያላላሁ፣ ጆይስቲኩን በጣቶቼ ጫፍ እንደ እንቁላል መያዝ ለመድኩ። በጌም ቤት ሕግ የተሸነፈ ይነሳል። አንድ ቀን ኪሩቤልን ከወንበሩ ማስነሳት ነበር የምፈልገው። ሚስቴ ከዚህ ሁሉ ሄደህ ለምን አትታረቀውም ትለኝ ነበር። እሱ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቀኝ እላታለሁ።

ማረጋገጫው አስኮ ነው፣ ስድስተኛ ፎቅ። የምታስተናግደው ሲትራ የምትባል ወጣት ናት፤ ጓንት አድርጋለች፣ ድምፅዋ አይጨምርም አይቀንስም። ሦስቱ ማሽኖች ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፣ እያንዳንዳቸው ከሆዳም አሮጌ ቴሌቪዥን ጋር ተያይዘዋል። ኪሩቤል ቀድሞኝ ተቀምጧል። ራሱ ተመልጧል፣ ምርኩዝ ይዟል፣ ኮቱ ውድ ነው። ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝና፣ «እንደምን ዋሉ» አለ። ዕድሜውን ሁሉ አንተ ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። ፊቴን እያየ እንኳ ማንን እንደለበስኩ ነው የሚያስበው።

በግራጫዋ ጀመርን። እሱ ብራዚልን ያዘ፣ እኔ ናይጄሪያን። ኮሜንታተሩ በጃፓንኛ ይጮኻል፤ ያኔም ምን እንደሚል አናውቅም ነበር፣ እንዲያው ጎል ሲገባ አብረነው እንጮህ ነበር። የግራጫዋ ጆይስቲክ እንጉዳይ የሚመስለው ነገር የለውም፣ ቀስቶች ብቻ ነው ያለው። ቀስቶቹ ስለሚጠነክሩ፣ ኳስ ይዤ በመስመር ስሮጥ፣ ሳላስበው መዳፌ ተጨመቀ። አውራ ጣቴ ተጣጠፈ። ኪሩቤል ቴሌቪዥኑን ትቶ ወደ እጄ ዞረ።

«እርፌ?» አለ።

ሳቀ። ተንኮል ያለበት ሳቅ አልነበረም፤ የጠፋ ዕቃ እንዳገኘ ሰው ነው የሳቀው። «አንተ እኮ ነህ» አለኝ። ሲትራ የሆነ ነገር ነካካች። እኔ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ያ ስም ነው የሚያድነኝ። በዚያ ስም ካልተጠራሁ ሰው አልሆንም። አሸንፎኝም ጨረሰ፣ እንደ ድሮው።

ማሽን እስኪቀየር ሲትራ ውሃ አመጣችልን። ኪሩቤል ልቡ ለስልሶ ነበር፣ ወሬ ጀመረ። ለአበጋዝ፣ ማለትም ለወኪሌ፣ የደወለለት ልቡ ታሞ አልጋ ላይ በዋለበት ዓመት እንደሆነ ነገረኝ። ሊሞት ነው ተብሎ፣ ከሁሉ ነገር ያቺ የጌም ቤቷ ቃል ከነከነችው። ልጅ ነበርኩ፣ ቢሆንም አዋርጄሃለሁ፣ ማረኝ አልኩት አለ። አበጋዝ አለቀሰ። ከዚያ ድሮ ረስቼዋለሁ፣ ወንድሜ ነህ አለኝ አለ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ይደዋወላሉ። አበጋዝ እናቱ መርሐቤቴ ስትሞት ኮልፌ ቤንዚን ቤት በር ላይ ቆሞ ዜናውን እንዴት እንደሰማ ሁሉ ለኪሩቤል አጫውቶታል። ልጆቻቸውን ያስተዋወቁትም እነሱ ናቸው።

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። ዕድሜዬን በሙሉ የጠበቅኩት ይቅርታ ተጠይቋል። ቃሉ ተብሏል፣ ተለቅሶበታል፣ ታልፏል። እኔ ያን ጊዜ የማን ፊት ለብሼ የማንን ሬሳ ስሸኝ እንደነበር እግዜር ይወቅ። የናቴንም ሞት የት እንደሰማሁ ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም ቢሆን። ለወኪሌ ብቻ፣ መጀመሪያ የመጣ ሰሞን፣ እንዲያውቀኝ ብዬ።

«ይቅርታ ያልከው ለግድግዳ ነው» አልኩት።

«መልስ የሰጠኝ ግን እሱ ነው» አለ።

እስቲ አሁን ለኔ በለኝ ልለው ነበር። ሲትራ ሁለተኛው ዝግጁ ነው አለች።

በወፍራሟ ጥቁር ላይ ያለማመድኩትን እጅ አወጣሁ። ጆይስቲኩን ጣቶቼ ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት። ኳሱን ቶሎ ቶሎ እሰጣለሁ፣ አልሮጥም፣ እሱ ሲመጣ ካሬ ባለባት ቁልፍ እያታለልኩ አሳልፈዋለሁ። ሁለት ጎል አገባሁበት። ኪሩቤል ቴሌቪዥኑን ከማየት እጄን ማየት አበዛ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ሙቀት ቀስ እያለ ጠፋ። ጨዋታው ሲያልቅ ከወንበሩ አልተነሳም፤ የተሸነፈ እንደሚነሳ ረስቶታል። ሲትራን፣ «የመጀመሪያው ላይ እሱ መስሎኝ ነበር» አላት። ወደኔ ዞሮ ሲያበቃ እንደገና «እርስዎ» ማለት ጀመረ።

ሲትራ ሁኔታውን ባልተለወጠ ድምፅ አስታወቀችን። ምስክሩ በአንዱ ማሽን እሱ ነው ብለዋል፣ በአንዱ አይደለም ብለዋል፣ የሚወስነው ሦስተኛው ነው። ለኔ ደግሞ ውጤቱ ዛሬውኑ እንደሚጸና አስታወሰችኝ። ካልተረጋገጥኩ የቤቴ በር ማታ አይከፈትልኝም፣ ስሜን ብጽፍ እንደ ስርቆት ይቆጠራል፣ ረድኤትንም በአባትነት መጥራት አልችልም። ገብቶዎታል ወይ አለችኝ። ገብቶኛል አልኩ።

ቀጭኗ ስትበራ ያችኑ ሜዳ፣ ያንኑ ጩኸታም ጃፓናዊ አመጣች። ኪሩቤል ጆይስቲኩን አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠውና ወደኔ ጠጋ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው፣ ሲትራ እንዳትሰማው ይመስል።

«አንተ ከሆንክ እንደ ድሮው ያዘው» አለኝ። «እባክህ። ምንም አይደለም። እንደ ድሮው ያዘውና ልወቅህ።»

አላሾፈም። ለምኖኛል። የሱ ልመና ነው የባሰብኝ። ማድረግ የነበረብኝን አውቀዋለሁ፤ መዳፌን መጨመቅ ብቻ ነው። እንደ እርፍ ይዤው፣ በመስመር እየሮጥኩ ኳሱን ለሱ እያስረከብኩ፣ ሦስት አራት ጎል ቆጥሮብኝ፣ እርፌ ብሎ ስቆ፣ ከወንበሬ ተነስቼ ለቅቄለት፣ በዚያ ስሜን መልሼ እወስዳለሁ። ቤቴን። ልጄን። ሰጥቻለሁ የተባለውን እሰብራለሁ። እጄም ያውቃል፣ አልረሳውም፤ ግራጫዋ ላይ ራሱ ወጥቶ ነበር።

ጣቶቼን አየኋቸው። ጆይስቲኩን ጫፋቸው ላይ ይዘውታል፣ ላላ ብለው፣ እንዳማሩ። ያን ሁሉ ዓመት የሠራሁት እነሱን ነው።

ፊሽካው ተነፋ። የመጀመሪያውን ጎል ሳገባበት አላየኝም። ሁለተኛውን ሳገባ ጆይስቲኩን መጫን ተወ። ሦስተኛው ሲገባ ተጫዋቾቹ ሜዳው ላይ ዝም ብለው ቆመው ነበር፣ ኮሜንታተሩ ግን እንደ ጉድ ይጮኻል። ኪሩቤል ምርኩዙን ተደግፎ ተነሳ። ተነሳ። ወንበሩን ለቆልኝ ቆመ፤ እኔ የጠበቅኩት ደስታ የት ጋ እንዳለ እየፈለግኩ ተቀምጬ ቀረሁ።

«እሱ አይደለም» አላት ለሲትራ። ድምፁ ተሰብሯል። «አበጋዝ እንዲህ አይጫወትም። ይሄ ሰው የከተማ ልጅ ነው።»

ከተማ ከገባሁ ጀምሮ እንዲባልልኝ ስመኘው የነበረ ቃል ነው።

ሲትራ ሦስቱንም ማሽኖች አጠፋች። ተከሳሹ፣ ማለትም ወኪሌ፣ ክስ እንደማይመሠርትብኝ፣ በምሕረትም እንዳለፈኝ አስታወቀችኝ። ስሙ ለሱ ጸንቷል። ቀድሞ ተገኚ እንደነበርኩ ስለሚታይ አስመስሎ የመቅረብ ጥፋት ያስከስሰኝ እንደነበርም ነገረችኝ፣ እንደ ምክር። ኪሩቤል ሊጨብጠኝ እጁን ዘርግቶ ነበር። ስላልሰጠሁት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ረድኤት ቆማለች። እሷም የጉዳዩ ባለመብት ስለሆነች ጠርተዋት ኖሯል፤ ከሐዋሳ በጠዋቱ ባቡር መጥታለች። በሥጋ ሳያት ከናቷ ቀብር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ከስታለች፣ ጠጉሯን ተቆርጣለች፣ ስትጨነቅ እንደናቷ የታችኛውን ከንፈሯን ትነክሳለች። ስታየኝ መጀመሪያ ፊቷ በራ፤ ወዲያው ደግሞ የተለበሰ ፊት እንደምታይ ራሷን አስታወሰች። ብርሃኑ ሲጠፋ ቆሜ አየሁት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ» አለችኝ።

ልጄ ናት ጋሼ ያለችኝ። በጆሮዋ ሰው እያናገራት እንደሆነ ከዓይኗ ያስታውቃል፤ እኔም ስሠራ እንደዚያ ነበር የምሆነው። አልተቆጣችም። እንዲያውም ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አባቴ አትቆጪው ብሎኛል አለች፤ ሥራ ያጣ ሰው ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደለም ብሎኛል። ድሮ እሱም ቢሆን ብዙ እንደተንገላታ፣ የሰው ሆድ እንደሚያውቅ ነገረችኝ። ስለ አባቷ ስታወራ ድምፅዋ ይሞቃል። እኔን እንደዚያ አድርጋ አናግራኝ ታውቅ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ።

ከዚያ ትንሽ አፈረችና ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«ለሠርጉ አባቴን ሆኖ የሚገኝ ሰው ስንፈልግ ነበር» አለች። «ቁመትዎም አረማመድዎም ልክ ነው። ፊቱንም እንደለበሱት ነው። እሱ በጆሮዎ የሚሉትን ይነግርዎታል፤ እርስዎ እጄን ይዘው ያስገቡኛል፣ ሲመርቁን ጉልበትዎን እንስማለን፣ ከዚያ ሌላ ብዙም ሥራ የለውም። አባቴም ሐሳቡን ወዶታል። እሱ ነው እንዲያውም እርሳቸውን ጠይቂያቸው ያለኝ።»

ዓይኔን ዓይኔን ታያለች፣ እሺ እንድላት ፈልጋ። ልጅ ሆና ወረፋ በያዝንበት ሁሉ የምትወሸቅበትን ጎኔን አወቅሁት፤ ባዶ ነው።

«እሺ ካሉኝ» አለች፣ «ስምዎን ማን ብዬ ላስመዝግብ?»

አፌ ተከፍቶ ነበር። ዘጋሁት። በአጠገቧ አልፌ ወደ ደረጃው ሄድኩ፤ ልብሴ እንዳይነካት ጥግ ይዛ አሳለፈችኝ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ድምፅዋ ከላይ ይሰማኝ ነበር።

«አልመለሰልኝም አባዬ» ትለዋለች።